ምርኩዝ፦ ፕሮግራም አልጫን ሲል የጎደለው ምንድን ነው?

ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ለመጫን ሞክሮ ያልሆነለት ሰው፣ «አንሜት ዲፔንደንሲስ» የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ሳያጋጥመው አይቀርም። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ተበላሽቷል» ብሎ ይዘጋዋል፤ አንዳንዱም ሲስተሙን ከነጭራሹ አጥፍቶ እንደ አዲስ ይጭናል። መልእክቱ ግን የጎደለውን ነገር በስሙ ጠርቶ እየነገረው ነበር። «ዲፔንደንሲ» ለሚለው ቃል በአማርኛ «ምርኩዝ» እንድንል ሐሳብ አቀርባለሁ።

እስካሁን «ጥገኝነት» ወይም «ጥገኛ» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ጥገኛ የሚባለው ሌላውን የሚደገፈው ነው፤ እዚህ የሚፈለገው ደግሞ ድጋፍ ሰጪው ነው። በሥላሴ ካቴድራል ማሕሌት ሲቆም ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ሌሊቱን ያነጋሉ፤ ሊቁ ተመርኳዥ ነው፣ መቋሚያው ምርኩዝ። ፕሮግራም አልጫን ሲልም መጀመሪያ መለየት ያለበት ይኸው ነው፤ ሊጭኑት የፈለጉት ጥቅል (ፓኬጅ) ተመርኳዡ ነው፣ የጠፋው ወይም ያልገጠመው ምርኩዙ ነው። ብዙ ሰው ግን ተመርኳዡን ደጋግሞ እያወረደ ጊዜውንም ዳታውንም ይጨርሳል።

በሊኑክስ ዓለም አንድ ፕሮግራም ብቻውን አይመጣም። ሊብረኦፊስ ራይተርን ብንወስድ፣ ጽሑፍ የምንጽፍበት ክፍል በአንድ ጥቅል፣ ከሌሎቹ የሊብረኦፊስ ክፍሎች ከካልክና ከኢምፕሬስ ጋር የሚጋራው ዋናው አካል ደግሞ «ሊብረኦፊስ ኮር» በሚባል ሌላ ጥቅል ይቀመጣል። ኮርም በተራው በሌሎች በርካታ ጥቅሎች ይመረኮዛል። እንዲህ የተደረገው አንድን ነገር አሥር ቦታ ደጋግሞ ላለማከማቸት ነው። የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝም ምርኩዙ አንድ ጊዜ ሲጠገን የተመረኮዙበት ሁሉ አብረው ይድናሉ። ዳታ በውድ ለሚገዛ አገር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

የመጫኑ ሥራ ለሁለት መሣሪያዎች ተከፍሏል። በእ.ኤ.አ. 1993 የተመሠረተው የሊኑክስ ሲስተም ደቢያንም ሆነ በ2004 ከእሱ የወጣው ኡቡንቱ፣ ጥቅልን ፈትቶ በየቦታው የሚያስቀምጥ «ዲፒኬጂ» የሚባል መሣሪያ አላቸው። ዲፒኬጂ ምርኩዝ ሲጎድል ይናገራል እንጂ ሄዶ አያመጣም። የሚያመጣው፣ በ1999 ከደቢያን 2.1 ጋር የወጣው «አፕት» ነው። ኢንተርኔት ላይ ካለው ማከማቻ ፈልጎ፣ ቅደም ተከተሉን አስልቶ፣ አውርዶ ለዲፒኬጂ ያስረክበዋል።

በእኛ አገር አብዛኛው ችግር የሚፈጠረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ፕሮግራም በፍላሽ እንቀባበላለን። ሥላሴ አካባቢ በአንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያየሁት እንዲህ ነበር። ኮምፒውተሩ ኡቡንቱ 22.04 ነው፤ ካልክ ብቻ ተጭኖበታል። ልጁ ራይተርን ከጓደኛው በፍላሽ በ«ዴብ» (የጥቅል) ፋይል አመጣ፤ የጓደኛው ኮምፒውተር ግን 24.04 ነበር። በዲፒኬጂ ሊጭነው ሲል ስክሪኑ ላይ የወጣው ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይላል፦ «ሊብረኦፊስ-ራይተር በሊብረኦፊስ-ኮር ይመረኮዛል፤ እትሙም ልክ 24.2 መሆን አለበት፤ ሆኖም በዚህ ሲስተም ያለው 7.3 ነው።»

እዚህ ላይ ምርኩዙ አልጠፋም፤ አለ፤ ግን ልኩ አይደለም። በኮምፒውተሩ ላይ ራይተር ተፈትቶ፣ ሳይስተካከል ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ሌላ ምንም ነገር ለመጫን ቢሞከር አፕት «መጀመሪያ ይህን አስተካክሉ» እያለ እምቢ ይላል። መፍትሔው «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» ነው (ትእዛዞቹ ሲጻፉ በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ድምፃቸውን አስቀምጫለሁ)። 24.2 የሆነ ኮር በ22.04 ማከማቻ ውስጥ ስለሌለ፣ አፕት ግማሽ የቀረውን ራይተር ላስወግደው ብሎ ይጠይቃል። ይህን ሲያዩ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ይፍቀዱለት። ቀጥሎ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊብረኦፊስ-ራይተር» ሲባል ለዚያ ኮምፒውተር የሚገጥመው 7.3 ይመጣል።

በፍላሽ መቀባበል ግድ ከሆነ፣ ሰጪው ኮምፒውተር እትሙ ከተቀባዩ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ምርኩዞቹም አብረው መምጣት አለባቸው። ባለ 32 ቢት በሆነ አሮጌ ማሽን ላይ ለባለ 64 ቢት የተሠራ ጥቅልን ማስገባትም አይቻልም፤ ዲፒኬጂ የማሽኑ ዓይነት አይገጥምም ብሎ ወዲያው ይመልሰዋል።

ምርኩዝ ሳይጎድል የሚመጣ ብልሽትም አለ፤ ሁለቱ በአዲስ አበባ ሕይወት ውስጥ የተለመዱ ናቸው። የመጀመሪያው የመብራት መጥፋት ነው። ጭነቱ መሐል ላይ ሳለ መብራት ከሄደ፣ ሲመለስ «ዲፒኬጂ ተቋርጧል» የሚል መልእክት ይወጣል። መልእክቱ መፍትሔውንም ጨምሮ ይነግራል፦ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»። የቀረውን ከቆመበት ይጨርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር አይጠይቅም።

ሁለተኛው የሰዓት መዛባት ነው። የቆየ ኮምፒውተር የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲደክም፣ ተዘግቶ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሰውም ይህን ለማስተካከል ሲል ሳያስበው በእኛ አቆጣጠር ይሞላዋል። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስገባ ሰው ኮምፒውተሩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መልሶታል፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓትን 3፡00 ብሎ የሞላ ደግሞ ስድስት ሰዓት። አፕት ከማከማቻው የሚያመጣው ዝርዝር የወጣበት ቀን ተጽፎበታል። ቀኑ ከኮምፒውተሩ ሰዓት የቀደመ ሆኖ ካላገኘው፣ ዝርዝሩ «ገና አልጸናም» ብሎ አይቀበለውም። ሰው ኢንተርኔቱን ይወቅሳል፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ከስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓት ነው።

«404» የሚል ሲመጣ ዝርዝሩ አርጅቷል ማለት ነው፤ «ሱዶ አፕት አፕዴት» ያድሰዋል። ካላደሰው የኡቡንቱው እትም ራሱ ጊዜው አልፎ ሊሆን ይችላል። ረጅም ድጋፍ ያላቸው እትሞች መደበኛ ድጋፋቸው 5 ዓመት ነው፤ የሌሎቹ 9 ወር ብቻ። «መቆለፊያውን ማግኘት አልተቻለም» የሚለው ደግሞ ሌላ ጫኚ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ጥቂት ይታገሡት እንጂ የቁልፉን ፋይል አያጥፉ።

በጣም የሚያሳስበኝ አንድ ልማድ አለ። ምርኩዝ አልሟላ ሲል «--ፎርስ-ዲፔንድስ» የሚል ጨምሮ በግድ መጫን። ዲፒኬጂ እሺ ይላል፤ ፕሮግራሙ ግን አይከፈትም፣ ወይም ተከፍቶ መሐል ላይ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ የትኛው ምርኩዝ እንደተዘለለ ለማወቅ ብዙ ይደክማል። ለሌላ እትም የተዘጋጀ ማከማቻን መጨመርም ያው ነው፤ «የተያዙ የተሰበሩ ጥቅሎች አሉ» የሚለው መልእክት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚህ ነው። ማንም ምንም አልያዘም፤ ሁለት ተመርኳዦች የአንዱን ምርኩዝ የተለያየ እትም ፈልገው አልተስማሙም እንጂ።

«ምርኩዝ» የሚለውን ቃል ከተቀበልነው ቤተሰቦቹም አብረው ይመጣሉ። ጥቅል ሊያስመዘግባቸው ከሚችላቸው ዝምድናዎች ሦስቱ እነዚህ ናቸው፤ ያለ እሱ የማይቆምበት «የግድ ምርኩዝ»፣ ቢኖር የሚሻል «የሚመከር ምርኩዝ»፣ ለተወሰነ ሥራ ብቻ የሚጠቅም «የሚጠቆም ምርኩዝ»። አፕት የመጀመሪያዎቹን ሁለት በራሱ ይጭናል፤ ዳታ የቸገረው ሰው ሁለተኛውን «--ኖ-ኢንስቶል-ሬኮሜንድስ» ብሎ ሊያስቀር ይችላል። ተመርኳዡ ሲወገድ ብቻውን የቀረ ምርኩዝም አለ፤ እሱን የሚያነሳው «አፕት አውቶሪሙቭ» ነው። አዎ ከማለት በፊት የሚወገዱትን ዝርዝር ማንበብ ይገባል፤ የሚሠሩበት ነገር በመሐሉ ሊኖር ይችላልና።