ገባር

«ገባር» ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣልን ከምርቱ እየቀነሰ ግብር የሚያስገባው የድሮው ገበሬ ነው። ቃሉ «ገበረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ለወንዝ ስንጠቀምበትም ትርጉሙ አይለወጥም፤ ትንሹ ወንዝ ውኃውን ለትልቁ ይገብራል። ቆጋ ለግልገል አባይ፣ ግልገል አባይ ለጣና። እንዴት ያለ የሚያምር አነጋገር ነው!

ቆጋ መራዊ አጠገብ ከተገደበ ወዲህ ግን ግብሩን በቅድሚያ የሚቀበለው ግድቡ ነው። 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ እንዲይዝ፣ 7 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ ተሠራ። እንዲህ ያለ ግድብ «ይስፋ» ሲባል ሰው የሚያየው የግንቡን ቁመት ነው። እኔ ገባሩን አስቀድማለሁ። ማጠራቀሚያው ስለሰፋ ወንዙ አብዝቶ አይገብርም።

ስለዚህ ወንዙ ዳር በተተከለው ባለ ቁጥር ዘንግ ላይ ጠዋትና ማታ የውኃውን ከፍታ አንብቦ በደብተር የሚያሰፍረው ሰው ሥራ ከሲሚንቶው ይቀድማል። የአንድ ጥሩ ክረምት ንባብ አይበቃም፤ ዝናብ ያጠረባቸው ዓመታትም መቆጠር አለባቸው። ከዚያ ላይ ከግድቡ በታች ላለው ሰውና ከብት የሚለቀቀው፣ ፀሐይ የምታተነውም ይቀነሳል። ውኃው በሰፊው ሲተኛ ትነቱም ይጨምራል።

አሁን አሁን «ገቢ ፍሰት» ሲባል እሰማለሁ። ስህተት የለበትም። «ገባር» ግን ከፋይ እንዳለ ያሳስባል፤ የከፋዩም የመጋቢት አቅም የነሐሴው አይደለም።