ዐሰቢያ በኢብን ኸልዱን ሙቀዲማ፦ ጎሰኝነት ነውን?

«ዐሰቢያ» የሚለው የዐረብኛ ቃል በደርስም ሆነ በኹጥባ ሲነሳ ፈጥኖ የሚመጣልን የአማርኛ ፍቺ «ጎሰኝነት» ነው። ፍቺው መሠረት የሌለው አይደለም። ወደ ዐሰቢያ የሚጣራ፣ በእርሷም ላይ ሆኖ የሚዋጋና የሚሞት ሰው ከሙስሊሞች ጎራ እንዳልሆነ የሚያስጠነቅቅ ሐዲስ በሱነን አቡ ዳውድ ተዘግቧል፤ ተማሪዎቻችንም ቃሉን የሚያውቁት በዚሁ ውግዘት ነው። ችግሩ የሚመጣው አንድ ደረሳ ይህን ፍቺ ይዞ ወደ ኢብን ኸልዱን ሙቀዲማ ሲገባ ነው። መንግሥት ያለ ዐሰቢያ አይቆምም፣ ሃይማኖታዊ ጥሪም ያለ ዐሰቢያ አይሳካም የሚሉ ዓሊም ያገኛል። ያን ጊዜ ሁለት መንገድ ብቻ የቀረ ይመስለዋል፤ ወይ ዓሊሙን ሐዲስን እንደተጻረሩ ቆጥሮ መተው፣ ወይ ለጎሳ ማድላትን በእርሳቸው ስም ማጽደቅ። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበናል።

ዐብዱረሕማን ኢብን ኸልዱን በ732 ዓመተ ሒጅራ (1332 እ.ኤ.አ.) በቱኒስ ተወለዱ። በወጣትነታቸው የደረሰው ታላቁ ወረርሽኝ ወላጆቻቸውንና በርካታ መምህራኖቻቸውን ወሰደባቸው። ከዚያም በመግሪብና በአንደሉስ ገዥዎች ዘንድ በጸሐፊነትና በሹመት ሲያገለግሉ፣ ሲታሰሩና ሲፈቱ ኖሩ፤ የሥርወ መንግሥታትን አወጣጥና አወዳደቅ ያዩት ከውጭ ሳይሆን ከግቢው ውስጥ ሆነው ነው። በመጨረሻ በዛሬዋ አልጄሪያ በምትገኘው ቀልዐት ኢብን ሰላማ ለአራት ዓመታት ያህል ተገልለው ተቀመጡ። ሙቀዲማንም በ779 ዓመተ ሒጅራ (1377 እ.ኤ.አ.) በአምስት ወራት እንዳጠናቀቁት ራሳቸው ነግረውናል።

የኪታቡ መነሻ ቀላል ነው፤ ሰው ለብቻው አይኖርም። ለአንድ ቀን የሚበቃ ስንዴ እንኳ መፈጨት፣ መቦካትና መጋገር ይፈልጋል። ለዚህ ዕቃ ያስፈልጋል፤ ዕቃውም አንጥረኛ፣ አናጺና ሸክላ ሠሪ ይሻል፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ አራሽና አጫጅ አለ። ስለዚህ ሰዎች ይሰባሰባሉ። ሲሰባሰቡ ግን አንዱ በሌላው ላይ ይነሳልና ከልካይ ያስፈልጋል። በከተማ ከልካዩ ሹሙና የከተማው ግንብ ነው። በበረሃ ግንብ የለም፤ ሰውን የሚጠብቀው የወገኑ አብሮ መቆም ነው። በወገን ላይ የደረሰው በደል እንደ ራስ በደል ሆኖ ሲያንገበግብና ለመከላከል ሲያስነሳ፣ ያ ስሜት ዐሰቢያ ይባላል።

ይህ ስሜት አብዛኛውን ጊዜ ከሥጋ ዝምድና እንደሚመነጭ ኢብን ኸልዱን አይክዱም። ነገር ግን «ጎሰኝነት» የሚለውን ትርጉም የሚያፈርሰው ንግግራቸውም ያለው እዚሁ ነው። የዘር ሐረግ በሐሳብ ያለ እንጂ የሚጨበጥ ነገር እንዳልሆነ፣ ጥቅሙም በሚያስገኘው ትስስርና መረዳዳት ብቻ እንደሚለካ ይገልጻሉ። ትስስሩ ከሌለ ዘር መቁጠር ከንቱ ድካም ነው። በአንጻሩ በወላእና በቃል ኪዳን የተጣመሩ ሰዎች የአንድ እናት ልጆች የሚሰማቸው ስሜት ያድርባቸዋል። ከጅማ ተነስቶ ወሎ የወረደና በአንድ ሐሪማ ለዓመታት የቀራ ደረሳ ይህን ለመረዳት ሸርሕ የሚያስፈልገው አይመስለንም።

ሐዲሱንም አልዘነጉትም። ኺላፋ ወደ ንግሥና ስለመለወጡ በጻፉበት ክፍል ራሳቸው አንስተው ይመልሱበታል። ሸሪዓ ቁጣን ሲነቅፍ ቁጣ ከሰው ልጅ ተነቅሎ እንዲጠፋ አይደለም፤ ቢጠፋማ ለሐቅ የሚቆም ባልተገኘ ነበር። ፍላጎትንም ሲነቅፍ ወደ ተፈቀደው እንዲመራ ነው። ዐሰቢያም እንዲሁ በጃሂሊያ ዘመን እንደነበረው ለባጢልና ለመመካት ስትውል ተወገዘች እንጂ ለሐቅ ስትውል ተፈላጊ ናት። መልሱ ያሳምነናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ዐሰቢያ ምንነት ሲጠየቁ ወገንን በበደል መርዳት እንደሆነ ማስረዳታቸው በዚያው በሱነን አቡ ዳውድ ይገኛልና፣ ውግዘቱ ያረፈው በበደሉ ላይ እንጂ በወገን መውደድ ላይ አይደለም።

የማኅበረሰብ ለውጥን የሚያብራሩትም በዚህችው ጽንሰ ሐሳብ ነው። ዐሰቢያ ወደ ንግሥና ታደርሳለች፤ ንግሥና ደግሞ ዐሰቢያን ይበላል። ሙራቢጦችን እንመልከት። ከሰሃራ የወጡ የሰንሃጃ በረኸኞች ነበሩ፤ በዐብዱላህ ኢብን ያሲን ትምህርት ተሰባስበው መግሪብን ያዙ። በሸሪዓ የሌለ ግብር አናስከፍልም ማለታቸው ሕዝቡን አስወደዳቸው። በ479 ዓመተ ሒጅራ (1086 እ.ኤ.አ.) ዩሱፍ ኢብን ታሽፊን ባሕር ተሻግረው በዘላቃ ድል ነሱ። ከዚያ በኋላ ሙቀዲማ የሚተርከው መንሸራተት ተከተለ። የአንደሉስ ምቾት ገባ፤ ወጪ በዛ፤ የተሻረው ግብር ተመለሰ፤ የበረሃ ወንድማማቾች በነበሩበት ቦታ ከክርስቲያን ምድር የመጡ ቅጥር ወታደሮች ገቡ። ከዘላቃ 62 ዓመታት በኋላ፣ በ541 ዓመተ ሒጅራ (1147 እ.ኤ.አ.)፣ ከአትላስ ተራሮች የወረዱት ሙወሒዶች መራኪሽን ወሰዱ። እነርሱም በተራቸው ለበኑ መሪን ለቀቁ፤ ኢብን ኸልዱን በፌዝ ያገለገሉት እነዚህኑ መሪኖች ነው።

የሥርወ መንግሥት ዕድሜ በአብዛኛው ከሦስት ትውልድ፣ ማለትም ከ120 ዓመት፣ አያልፍም ይላሉ። ትውልዱን 40 ዓመት ያደረጉበት ማስረጃ ለእኛ መምህራን በተለይ ሊያስደስት ይገባል። የሙሳ (ዐ.ሰ.) ሕዝቦች በምድረ በዳ 40 ዓመት መንከራተታቸው በፊርዐውን ሥር በውርደት ያደገው ትውልድ አልፎ፣ ጭቆናን የማያውቅ ሌላ ትውልድ እንዲተካ ነበር ብለው ያስተነትናሉ። ተማሪን በኃይል መጨቆን ወደ ውሸትና ወደ ስንፍና እንደሚገፋው ሲጽፉም ነገሩን ወዲያው ከሕዝቦች ዕጣ ጋር ያያይዙታል። አለንጋ በመድረሳና አለንጋ በመንግሥት ለእርሳቸው አንድ ዓይነት ሰው ያፈራሉ።

ቁጥሩን እንደ ሕግ መያዝ ግን አይገባም፤ የኦቶማን ሥርወ መንግሥት ከ600 ዓመታት በላይ ቆይቷል። ራሳቸው ኢብን ኸልዱን በካይሮ የማሊኪ ቃዲ ሆነው ያገለገሏቸው መምሉኮችም ከልዩ ልዩ አገር በልጅነታቸው የተገዙ፣ የሚያስተሳስራቸው የአባት ስም ሳይሆን አብረው ያደጉበት ሰፈርና አንድ ጌታ ነበር። እነዚህን አላህ ለእስልምና የላካቸው ታዳጊዎች አድርገው ማወደሳቸው ዐሰቢያን በደም ብቻ እንዳልወሰኑ ያሳያል።

በካይሮ ከተማሩባቸው አንዱ አል-መቅሪዚ ነበሩ። በ839 ዓመተ ሒጅራ አካባቢ በሐበሻ ምድር ስላሉ ሙስሊም ነገሥታት የጻፏት «አል-ኢልማም» የተባለች አጭር ድርሳን ይፋትን፣ ደዋሮን፣ ሐዲያንና ባሊን እየጠራች ስለ ወላስማዎች ትተርካለች። እስካሁን ያነበብናት ስሞችንና ጦርነቶችን ለመልቀም ነው። ከመምህራቸው ሙቀዲማ ጋር ጎን ለጎን ብትነበብ ግን ሌላ ጥያቄ ታስነሳለች፤ ቋንቋቸውና ዘራቸው የተለያየ የእነዚያ አገሮች ሰዎች በአንድ ሱልጣን ዙሪያ የቆሙት በምን ትስስር ነበር? በንግድ መንገዱ፣ በዑለማዎቹ፣ በጋብቻ ወይስ በግብር?