ጦርነት ከሰው ልጅ ጋር አብሮ የተወለደ ነው? የናይል እና የቱርካና አጽሞች ምን ይናገራሉ?

በሰሜን ሱዳን፣ በናይል ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ጀበል ሳሃባ የሚባል ጥንታዊ የመቃብር ስፍራ ነበር። "ነበር" የሚባለው ዛሬ ውሃ ስለዋጠው ነው። ግብፅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ የአስዋንን ግድብ ስትገነባ፣ በውሃው የሚሰጥሙ ቅርሶችን ለማትረፍ በተደረገው ዓለም አቀፍ ዘመቻ፣ አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ፍሬድ ዌንዶርፍ ስፍራውን ቆፍረው የ61 ሰዎችን አጽም አወጡ። አጽሞቹ ቢያንስ 13 ሺህ 400 ዓመት ዕድሜ አላቸው።

በአጽሞቹ መካከል፣ አንዳንዴም አጥንት ውስጥ እንደተሰኩ፣ የድንጋይ ስለቶች ተገኙ። ግኝቱ ከጥንታዊ የጦርነት ማስረጃዎች ግንባር ቀደሙ ተባለ። ብዙዎችም የአንድ ትልቅ ውጊያ ሰለባዎች በአንድነት የተቀበሩበት አድርገው ተረኩት።

በ2021 የወጣ ጥናት ግን ይህን ትረካ ለውጦታል። በኢዛቤል ክሬቨኩር የተመራው ቡድን አጽሞቹን በአጉሊ መነጽር ዳግም ሲመረምር፣ ቀድሞ ያልተመዘገቡ ከ100 በላይ የጉዳት ምልክቶችን አገኘ። ከ61ዱ ሰዎች 41ዱ ቢያንስ አንድ ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ሴቶችና ሕፃናት ይገኛሉ። ከሁሉ በላይ ግን የሚያነጋግረው 16ቱ ሰዎች ያልዳነ ቁስል ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የዳነ ቁስልም የነበራቸው መሆኑ ነው።

ተወግቶ የዳነ ሰው ዳግም ከተወጋ፣ ነገሩ የአንድ ቀን ውጊያ አይደለም። ተመራማሪዎቹ የሚገምቱት በየጊዜው የሚደጋገም ወረራና ድብደባ ነው። ለዚህም የአየር ንብረት ለውጥን በምክንያትነት ያነሳሉ። በበረዶ ዘመን ማብቂያ የናይል ጠባይ ሲለዋወጥ፣ ለኑሮ የሚመቸው መሬት ጠብቦ የተለያዩ ማኅበረሰቦችን ሳያጋጭ አልቀረም።

በኬንያ፣ ከቱርካና ሐይቅ በስተምዕራብ በምትገኘው ናታሩክ የተገኘው ደግሞ ከዚህ ይለያል። በ2016 ይፋ በሆነው ጥናት መሠረት፣ ከዛሬ 10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቢያንስ 27 ሰዎች በዚያ ሕይወታቸው አልፏል። በአንጻራዊነት ሙሉ ሆነው ከተገኙት 12 አጽሞች በ10ሩ ላይ የግፍ አሟሟት ምልክት ታይቷል፤ ከሟቾቹ አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ስፍራው ያኔ ዓሣና አደን የሞላበት ለም የሐይቅ ዳር በመሆኑ፣ ሰዎቹ የተገደሉት ያላቸውን ለመንጠቅ ነው የሚል መላ ምት አለ። ሌሎች ምሁራን ግን አንዳንዶቹ ስብራቶች ከሞት በኋላ በአፈር ክብደት የመጡ ናቸው ሲሉ ተከራክረዋል።

ታዲያ ጦርነት በተፈጥሯችን ውስጥ አለ? በ1986 በስፔኗ ሴቪያ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶች "የለም" ብለው መግለጫ አወጡ፤ ዩኔስኮም ኋላ ተቀበለው። ተቃዋሚዎቻቸው እነዚህኑ አጽሞች እያነሱ ይሞግታሉ። በእኛ እይታ ማስረጃው ሁለቱንም ወገን ሙሉ በሙሉ አይደግፍም። የዳነ ቁስል ወጊ እንደነበረ ሁሉ አስታማሚም እንደነበረ ይመሰክራልና።

ወረራ ግን ግዛት ማስፋፋት አይደለም። ለኋለኛው ጎተራ፣ ግብር፣ ቋሚ ሠራዊት፣ ከሁሉም በላይ የዘመቻውን ትክክለኛነት የሚያስረዳ ትረካ ያስፈልጋል። በአራተኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ንጉሥ ኢዛና ወደ ናይል ሸለቆ ስለመዝመቱ በድንጋይ ያስቀረጸው ጽሑፍ ጥሩ ምሳሌ ነው። ንጉሡ ድሉን ከመዘርዘሩ በፊት ምክንያቱን ያስቀድማል፦ ኖባዎች ጎረቤቶቻቸውን አጠቁ፣ መሐላቸውን አፈረሱ፣ መልእክተኞቹን ዘረፉ። ቀጥሎ የሟቹ፣ የምርኮኛውና የከብቱ ቁጥር ይቆጠራል፤ የእህልና የጥጥ ክምችታቸው ወደ ወንዝ መጣሉም ሳይቀር ተጽፏል።

የኖባዎች ወገን ስለዚያ ዘመቻ የጻፈው አልተገኘም። የምናውቀው የአሸናፊውን ቃል ብቻ ነው።