የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የአገልግሎት ውልና አፈጻጸሙ

በኢትዮጵያ የጤና አገልግሎት በውል ከሚገዛባቸው አሠራሮች መካከል በስፋት የሚታወቀው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። አሠራሩ በ2003 ዓ.ም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ደረጃ ተጀምሮ በኋላ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተስፋፍቷል። አባላቱ ቋሚ ደመወዝ የሌላቸው አርሶ አደሮች፣ አርብቶ አደሮችና በግል ሥራ የሚተዳደሩ ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል።

ውሉን የሚፈራረሙት የወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤትና አገልግሎት ሰጪው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ናቸው። በሰነዱ የአገልግሎቶቹ ዓይነት፣ የሪፈራል ቅደም ተከተልና የክፍያ ሁኔታ ይሰፍራሉ። ይሁን እንጂ በአብዛኛው ገዢውም ሻጩም የመንግሥት አካላት ናቸው። በገጠር ወረዳ ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ በአገልግሎቱ ባይረካ ውሉን አቋርጦ የሚሄድበት ሌላ ተቋም በቅርብ አያገኝም። በመሆኑም ውሉን ለማስከበር የሚቀረው ዋነኛ መሣሪያ ክፍያ ሲጠየቅ የሚደረገው ማጣራት ነው።

አባሉ መታወቂያውን አሳይቶ ሲታከም በዕለቱ ገንዘብ አይከፍልም። ተቋሙ የምርመራውንና የመድኃኒቱን ሒሳብ መዝግቦ፣ ብዙውን ጊዜ በየሩብ ዓመቱ፣ የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል። የክሊኒካል ኦዲት ባለሙያዎች ከታካሚዎች ካርድ ናሙና ወስደው የታዘዘው መድኃኒት ከተመዘገበው ሕመምና ከላቦራቶሪ ውጤቱ ጋር መጣጣሙን ያያሉ፤ ማስረጃ የሌለው ሒሳብ ተቀናሽ ይሆናል።

ማጣራቱ ሲጓተት ግን ጉዳቱ ወደ ታካሚው ይሻገራል። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ከሚገዛባቸው ምንጮች አንዱ ይኸው የውስጥ ገቢ በመሆኑ፣ ክፍያው ሲዘገይ የመድኃኒት መደብሩ ይራቆታል። መዋጮውን አስቀድሞ የከፈለው አባል የሐኪም ማዘዣ ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል፤ ለአንድ ሕመም ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ደረሰኝ አቅርቦ ገንዘቡን ማስመለስ በሚቻልበት ቦታም ቢሆን፣ ከሩቅ ቀበሌ ወረዳ ከተማ ድረስ የመመላለሱ ወጪ ከመድኃኒቱ ዋጋ የሚስተካከልበት ጊዜ አለ።

በአዲስ አበባ ከከነማ መድኃኒት ቤቶች ጋር ውል መገባቱ በተቋሙ የታጣውን መድኃኒት አባሉ በእነዚህ መደብሮች እንዲያገኝ መንገድ ከፍቷል። እንዲህ ያለ አማራጭ በሌለባቸው ወረዳዎች፣ ውሉ ሲታደስ በዓመቱ የትኛው መድኃኒት ለስንት ቀን እንደታጣ የሚያሳየው የመደብር መዝገብ ከሒሳቡ ሰነድ ጎን ለጎን ሊመረመር ይገባል።