የሞተር ሳይክል የፊት መብራት አምፖል መቀየር

የሞተር ሳይክል የፊት መብራት አምፖል ሲቃጠል ጋራዥ ሳይኬድ ቤት ሊቀየር ይችላል። በብዛት የሚታወቀው ኤች 4 የተባለው ባለ 12 ቮልት ሃሎጅን አምፖል ነው፤ ለረጅም መብራት 60፣ ለአጭር 55 ዋት የሚወስዱ ሁለት ክሮች አሉት። ብዙ ትናንሽ ሞተሮች 35/35 ዋት የሆነውን ኤች ኤስ 1 ይጠቀማሉ። ሁለቱ በመልክ ስለሚቀራረቡ ትልቁን በትንሹ ቦታ መግጠም የሚያጓጓ ቢሆንም ትርፉ ሙቀት ሶኬቱን ሊያቀልጠው ይችላል።

ረጅሙ ወይም አጭሩ ብቻ ከጠፋ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአምፖሉ ነው። ሁለቱም ባንዴ ከጠፉ ግን አዲስ ከመግዛት በፊት ፊውዙን ማየት ይበጃል።

ቁልፉ ተነቅሎ፣ አምፖሉም ከቀዘቀዘ በኋላ የመብራቱ ቤት በካቻቢቴ ይፈታል። ሶኬቱ ሲነቀል የሚያዘው ራሱ እንጂ ገመዱ አይደለም። ቀጥሎ የጎማው ሽፋን ይወልቅና አምፖሉን የያዘው ሽቦ ጫን ተደርጎ ይለቀቃል። የአዲሱ አምፖል መስታወት በጣት አይነካም፤ የእጅ ቅባት ያረፈበት ቦታ ከሌላው ይልቅ ስለሚግል የአምፖሉን ዕድሜ ያሳጥራል። ከተነካ በአልኮል ይጠረጋል። በአምፖሉ ቀለበት ዙሪያ ካሉት ሦስት ምላሶች የላይኛው ሰፋ ስለሚል አምፖሉ የሚገባው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ እምቢ ካለ ይዞራል እንጂ አይገፋም። መብራቱ ከመታሰሩ በፊት ረጅሙም አጭሩም ይሞከራሉ።