ከመንደሩ መዝገብ የጠፉት የት ተጻፉ? በእንግሊዝ አጥቢያዎች የነዋሪነት ቃል ላይ የቀረበ ክርክር

በእንግሊዝ ገጠር የቀደሙ ዘመዶቹን ዱካ የሚከተል ተመራማሪ ሳይወድ የሚቆምበት አንድ ቦታ አለ። ልጁ ሲጠመቅ በአጥቢያው መዝገብ ተጽፏል፤ ከዚያ በኋላ ግን በጋብቻውም በቀብሩም መዝገብ ስሙ አይገኝም። ሞቶ ሳይጻፍ ቀርቷል ወይስ አድጎ ወጥቷል? መዝገቡ መልስ የለውም። እንዲህ መጥፋት ደግሞ የጥቂቶች ዕጣ አልነበረም። በኖቲንግሃምሺር የክሌይወርዝ አጥቢያ ቄስ የነበረው ዊልያም ሳምፕሰን በ1676 እ.ኤ.አ. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአጥቢያውን ሰዎች ቤት ለቤት ዘርዝሮ 401 ነፍስ ጻፈ፤ በ1688 እንደገና ሲዘረዝር 412 አገኘ። ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አድርጎ የመረመራቸው ፒተር ላስሌት እንዳሳየው፣ ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች 60 በመቶ ያህሉ ከ12 ዓመት በኋላ በስፍራው አልነበሩም፤ ከእነዚህም በሞት የተለዩት ከግማሽ ያነሱ ናቸው። ቁጥሩ ባለበት ሲቆይ ሰዉ ተለዋውጧል። የእንግሊዝ ገበሬ ከተወለደበት ቀዬ ሳይነቃነቅ ይኖር ነበር የሚለውን የቆየ እምነት ይህ ግኝት እንዳናጋው ማንም አይክድም፤ እኔም የምጨምርበት የለኝም። ክርክሬ ከላስሌት በኋላ ከጎለበተው፣ የሄዱትን ሰዎች እንደ ባዶ ቦታ መቁጠርን ደንብ ካደረገው አሠራር ጋር ነው።

ስለ ተለመዱት ምንጮች ጥቂት ይበቃል። ቶማስ ክሮምዌል በ1538 እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ አዘዘ፤ በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ የመዝገቡ ቅጂ በየዓመቱ ለጳጳሱ እንዲላክ ተደነገገ፤ የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በሐምሌ 1837 ተጀመረ። የ1841 የሕዝብ ቆጠራ ሰውዬው በሚኖርበት ካውንቲ ተወልዶ እንደሆነ ብቻ ሲጠይቅ የ1851ዱ የትውልድ አጥቢያውን ጠየቀ። ስለዚህ በ1851 በሕይወት የነበረን ሰው ወደ መንደሩ መመለስ ድካም እንጂ እንቆቅልሽ አይደለም። እንቆቅልሹ ከዚያ በፊት ያለው ሁለት መቶ ዓመት ነው።

በዚህ ዘመን ላይ እስከ ዛሬ ሥልጣን ያለው አሠራር ኢ. ኤ. ሪግሊ ከፈረንሳዊው ሉዊ ኦንሪ ወስዶ በ1966 ለእንግሊዝ ያስተዋወቀው፣ ከአጥቢያ መዝገብ ቤተሰብን መልሶ የመገጣጠም ዘዴ ነው። ሪግሊ በዴቨን የሚገኘውን ኮሊተንን በዚህ ዘዴ አጠና፤ በ1997 እርሱና ባልደረቦቹ የ26 አጥቢያዎችን ውጤት በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አወጡ። የዘዴው ጥንካሬ በጥብቅ ደንቡ ላይ ነው፦ አንድ ቤተሰብ የሚቆጠረው መዝገቡ በእርግጥ ሲያየው በቆየበት ጊዜ ብቻ ነው። ባልና ሚስቱ ተጋብተው፣ ልጆች አስጠምቀው፣ አንዳቸው እዚያው ከተቀበሩ ሙሉ ናቸው። ጋሪያቸውን ጭነው ከወጡ ግን ከስሌቱ ይወጣሉ። ለወሊድ መጠን ጥናት ይህ ጥንቃቄ ነው። ለሰው ዱካ ግን ፍርድ ነው፤ ሂያጁን ከታሪክ ያስወጣዋልና። ስቲቨን ራግልስ በ1992 ይህ አሠራር የጋብቻ ዕድሜን ዝቅ አድርጎ እንደሚያሳይ ተከራከረ፦ ዘግይቶ የሚያገባ ሰው ከማግባቱ በፊት ለመሄድ ሰፊ ጊዜ ስላለው፣ በመንደሩ ሲያገቡ የሚታዩት ቀድመው ያገቡት ይበዛሉ። ሪግሊ በ1994 መልስ ሰጠ፤ ተጽዕኖው ትንሽ ነው አለ። እኔን የሚያስገርመኝ ማን ረታ የሚለው አይደለም። ሁለት ብርቱ ምሁራን ስለ ሄዱት ሰዎች ጠባይ በስሌት ሲከራከሩ፣ የሄዱት ሰዎች ራሳቸው በመሐላ የሰጡት ቃል በየካውንቲው ቤተ መዛግብት ተቀምጦ ነበር። ይህ ቸልታ ሪግሊን ይበልጥ ያስጠይቀዋል። ምክንያቱም ለንደን በ1650 እና በ1750 መካከል ለማደግ በየዓመቱ 8,000 ያህል ሰው ከውጭ መቀበል እንደነበረባት፣ ከእንግሊዝ ጎልማሶችም ከስድስት አንዱ በሕይወቱ የሆነ ጊዜ ለንደንን ሳይኖርባት እንዳልቀረ በ1967 ያሰላው ራሱ ነው። ከስድስት አንዱን የሚያህል ሕዝብ በዘዴው ጠርዝ ላይ መተው ልክ አይመስለኝም።

የምለው ቃል ከየት መጣ? በ1662 የወጣው ሕግ ወደ አንድ አጥቢያ አዲስ የመጣና በዓመት ከ10 ፓውንድ በታች የሚያወጣ ቤት የተከራየ ሰው፣ ለአጥቢያው ሸክም ይሆናል ተብሎ ከተፈራ፣ በ40 ቀን ውስጥ በሁለት ዳኞች ትእዛዝ ወደ ቀድሞ ቦታው እንዲመለስ ፈቀደ። ድሃን የሚጦረው እያንዳንዱ አጥቢያ ከነዋሪው በሚሰበስበው ግብር ነበርና፣ የማን ድሃ ነው የሚለው ጥያቄ የገንዘብ ጥያቄ ሆነ። የ1691ዱ ሕግ የነዋሪነት መብት የሚገኝባቸውን መንገዶች ዘረዘረ፦ ሚስት ሳያገቡ ለሙሉ ዓመት ተቀጥሮ ማገልገል፣ ሙያ ለመልመድ በውል መግባት፣ የአጥቢያ ግብር መክፈል፣ በአጥቢያ ሹመት ማገልገል። ያገባች ሴት የባሏን መብት ትወስዳለች፤ በሕጋዊ ጋብቻ የተወለደ ልጅ የአባቱን ይወርሳል፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ግን የተወለደበት አጥቢያ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴቶች ሳይወልዱ ወደ ሌላ አጥቢያ የሚገፉትም በዚህ ምክንያት ነበር። አንድ ሰው በተጠረጠረ ጊዜ ዳኞቹ ፊት ቀርቦ በመሐላ ቃሉን ይሰጣል፦ የት እንደተወለደ፣ አባቱ የየት አጥቢያ ሰው እንደነበረ፣ ከማን ቤት ስንት ዓመት በስንት ደመወዝ እንዳገለገለ፣ የት እንዳገባ፣ ልጆቹ እነማን እንደሆኑና ዕድሜያቸው ስንት እንደሆነ። የነዋሪነት ቃል የምለው ይህን ነው። የርስት ሙግትን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ የዘር ሐረግ ተለይቶ የሚቆጠረው ሙግት ባለበት ነው። መብቱ ከአባት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ ዳኞቹ አንዳንዴ እስከ አያት መድረስ ነበረባቸው፤ ዛሬ የዘር ፈላጊው የሚጠይቀውን ጥያቄ በዚያ ዘመን አጥቢያው ራሱ በገዛ ወጪው ይጠይቅ ነበር።

ከዚህ የምመዝዘው ዋና ነጥብ ይህ ነው፦ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ የሚከተለው ምሥጢራትን ነው፣ የነዋሪነት ወረቀት የሚከተለው ገንዘብን ነው፤ የሄደ ሰው ደግሞ የሚገኘው መኖሩ አንድን ሰው ገንዘብ ባስወጣበት ቦታ ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከተወለደበት መንደር ሳይሆን እንዳይቆይ ከፈለገው መንደር መጀመር አለበት። ይህን የሚያጠናክር፣ ሁሉም የሚያወድሰውና ጥቂቶች ለዚህ ጉዳይ የተጠቀሙበት አንድ መጽሐፍ አለ። በሽሮፕሺር የሚድል አጥቢያ ሰው የሆነው ሪቻርድ ጎፍ በ1701 እና በ1702 የአጥቢያውን ሰዎች ታሪክ በቤተ ክርስቲያኑ መቀመጫዎች ቅደም ተከተል ጻፈ። መቀመጫው የየትኛው ቤት እንደሆነ ይናገራል፤ ከዚያ ያ ቤተሰብ እስከሚያስታውሰው ትውልድ ድረስ ይወርዳል፤ የሞተውን፣ የሰከረውን፣ ለንደን ሄዶ የከበረውን፣ ሄዶ ወሬው የጠፋውን። ለንደን ከሚድል ከ150 ማይል በላይ ትርቃለች፤ ጎፍ ግን ስለ እርሷ የሚያወራው ብዙም ሳይደነቅ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ሚድል፣ ማርተንና ኒውተን ከሚባሉት ሦስት ስፍራዎች 20 ሰዎች ለንጉሡ ሊዋጉ ወጥተው 13ቱ እንደሞቱም የነገረን እርሱ ነው። አንባቢዎቹ በወሬው ጣፋጭነት ይያዛሉ። ዴቪድ ሄይ በ1974 ባወጣው ጥሩ ጥናት ለነባሮቹ ቤተሰቦች መረጋጋት ትልቅ ቦታ ሰጥቷል። ጎፍ ግን መጽሐፉን የሚዘጋው አጥቢያው ከሌሎች አጥቢያዎች ጋር በድሆች ነዋሪነት ላይ ያደረጋቸውን ክርክሮች በመተረክ ነው። ይህን ክፍል እንደ ተቀጽላ ማንበብ ስህተት ነው። ጎረቤቶቹን በዚያ ዝርዝር ያወቀ ሰው ከየት እንደመጡና ወዴት እንደሄዱ ማወቅ አጥቢያውን ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያተርፈው ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ትዝታውን የሳለው አንዱ ነገር ይህ እውቀት ይመስለኛል።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች አላጣኋቸውም። የመጀመሪያው፣ ቃሉ የድሆች ብቻ ነው የሚለው ነው። አን ኩስማውል በ1981 እንዳሳየችው በዚያ ዘመን ከ15 እስከ 24 ዓመት ከሆኑት ወጣቶች 60 በመቶ ያህሉ በሰው ቤት በቅጥር ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኛው ወጣት ያለፈበትን ሕይወት የሚናገር ምንጭ የዳር ሰዎች ምንጭ ሊባል አይችልም። ኖርማ ላንዳው ደግሞ በ1988 የኬንት ዳኞች ቃል የሚቀበሉት የተቸገረውን ብቻ ሳይሆን አዲስ መጪውን ለመቆጣጠር ጭምር ነበር አለች፤ ኬ. ዲ. ኤም. ስኔል፣ እነዚህን ወረቀቶች በ1985 መጽሐፉ ለገጠር ሠራተኞች ታሪክ በሰፊው የተጠቀመባቸው፣ አጥብቆ ተቃወማት። ክርክሩ ስለ ሕጉ ዓላማ ነው፤ ለዱካ ፈላጊ ግን ላንዳው ከረታች ወረቀቱ ከድሆች አልፎ ይሄዳል ማለት ነው፣ ስኔል ከረታም የምናጣው ነገር የለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ሰዎቹ ይዋሹ ነበር የሚለው ነው። ይዋሹ ይሆናል። ግን ቃሉ ሳይፈተን አያልፍም ነበር፦ ሰውዬው እንዲላክበት የታዘዘው አጥቢያ በየሩብ ዓመቱ ለሚያስችለው የካውንቲ ችሎት ይግባኝ ይል ነበር፣ ቀጣሪዎችም ይጠየቁ ነበር፤ አንዳንድ ገበሬዎች መብቱ እንዳይገኝ ብለው ሠራተኛን ለ51 ሳምንት ብቻ መቅጠራቸው እያንዳንዱ ሳምንት እንዴት እንደሚቆጠር ያሳያል። የጥምቀት መዝገብን እንዲህ የመረመረው ባላንጣ የለም። ወረቀቶቹ በሁሉም አጥቢያ አልተረፉም፣ ከ1795 በኋላም ሰው ሊባረር የሚችለው በእርግጥ እርዳታ ሲጠይቅ ብቻ በመሆኑ የተያዙት ሰዎች ዓይነት ተለውጧል፤ ይህ ሊጠነቀቁለት ይገባል። የተረፈውን ለመተው ግን ምክንያት አይሆንም።

ባሕር የተሻገሩትስ? እዚህም መመሪያው ያው ነው። በሰሴክስ የፔትወርዝ ቄስ ቶማስ ሶኬት ከ1832 እስከ 1837 በመራው፣ የኤግሬሞንት ባላባት በደገፈው ፕሮግራም 1,800 ያህል ሰዎች ወደ ላይኛው ካናዳ ሄዱ፤ ጉዞውን የከፈሉት በብዛት አጥቢያዎቹ በመሆናቸው ማን ከየት አጥቢያ እንደሄደ ተጻፈ፣ ሶኬትም ሂያጆቹ የላኩትን ደብዳቤ አሳተመ። የ1834ቱ የድሆች ሕግ አጥቢያዎች ለስደተኞች ጉዞ እንዲበደሩ ሲፈቅድ ይህ ልማድ ሰፋ። የከፈለ ጻፈ፤ በራሱ ገንዘብ የሄደው ነው ፈታኙ።

ነገሩ በተግባር የሚቻል ለመሆኑ ማስረጃ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ፓሜላ ሻርፕ በ2002 ባወጣችው መጽሐፍ ሪግሊ በመዝገብ ያጠናትን ኮሊተንን ወስዳ የተገጣጠሙትን ቤተሰቦች ከድሆች እርዳታ መዛግብትና ከሌሎች ሰነዶች ጋር አገናኘች፤ በሪግሊ ሠንጠረዥ ቁጥር የነበሩ ሴቶች በእርሷ ዘንድ የሚሠሩና የሚቸገሩ፣ መጥተው የሚሄዱ ሰዎች ሆኑ። የቀሩት 25 አጥቢያዎች የቤተሰብ መገጣጠሚያ ቅጾች ተሞልተው ተቀምጠዋል። በቅጹ መጨረሻ ላይ ቀብሩ ባዶ የሆነውን እያንዳንዱን ሰው በዙሪያው ባሉ አጥቢያዎች የነዋሪነት ቃልና የማስወጣት ትእዛዝ ውስጥ መፈለግ፣ የሂያጆች መውጣት በውጤቱ ላይ ያለው ተጽዕኖ ትንሽ ነው የሚለውን የሪግሊን አቋም በሞዴል ሳይሆን በሰዎቹ በራሳቸው ይፈትነዋል፤ ይህ እስካልተደረገ ድረስ አቋሙን እንደ ተረጋገጠ ነገር መጥቀስ ተገቢ አይደለም።