ማክሰኞና ቅዳሜ

ይህ መልእክት መጀመሪያ በሬዲዮ የተላለፈ ነው። ከእንጅባራም ከዳንግላም «በጽሑፍ ይሰጠን» ያላችሁ ስለ በዛችሁ፣ አንዳንዱን አሳጥረን፣ አንዳንዱን ጨምረን እነሆ አትመነዋል። በተለይ የተናገርኩት ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው፤ ምእመናንን ለሚመሩ ሽማግሌዎችና መጋቢዎች፣ እንዲሁም ሱቅ፣ ወፍጮ፣ መጋዘን ወይም ማኅበር ለሚመሩ ነጋዴዎች። ሌላውም ያንብበው፤ ነገ የሚመራው እሱ ነውና።

እስኪ ልጠይቃችሁ። መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር መጀመሪያ ወደ አማርኛ የመለሰው ማነው? ብዙ ሰው «ሚሲዮናውያን ናቸው» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ በ1954 ዓ.ም. በንጉሡ ዘመን የታተመውን ያነሣል። መልሱ ግን ወደ ቤታችን ይጠጋል፤ የጎጃም ሰው ነው የሚባል አንድ ሽማግሌ ነው።

ስሙ አቡ ሩሚ ተብሎ ተመዝግቧል፤ አባ አብርሃም የሚሉትም አሉ። በወጣትነቱ ከአገሩ ወጥቶ ብዙ ምድር የዞረ፣ ኢየሩሳሌምን የተሳለመ፣ እስከ ሕንድ ደርሷል የሚባልለት ሰው ነው። ዕድሜው ሃምሳን ካለፈ በኋላ ካይሮ ገብቶ ታመመ። እዚያ የነበረ አስሊን ደ ሼርቪል የሚባል የፈረንሳይ ቆንስል አስታመመውና ወዳጆች ሆኑ። ከዚያ ሥራ ጀመሩ። የዐረብኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር በቁጥር፣ ቀስ እያሉ ያነብባሉ፤ የከበደውን በዕብራይስጡና በሱርስቱ እያመሳከሩ ያብራሩታል፤ ሽማግሌው በአማርኛ ይጽፈዋል።

አሁን ልብ በሉ፣ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሥራው በየቀኑ አልነበረም። «መንፈስ ሲነካን» የሚባልም አልነበረም። ማክሰኞና ቅዳሜ ነበር። በነዚህ ሁለት ቀናት የቆንስሉ በር ለማንም እንግዳ አይከፈትም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ! ሲያልቅ የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ሆነ። እኔ በማሽን አሰላሁት፤ ዐሥር ዓመት ከሳምንት ሁለት ቀን ወደ 1,040 ቀን ይሆናል። ለአንድ ቀን ዘጠኝ ገጽ ገደማ ነው የሚደርሰው። በአንድ ጊዜ 9,539 ገጽ ጻፍ ብትሉት ማንም ሰው ሮጦ ያመልጣል። ዘጠኝ ገጽን ግን አንድ ታሞ የተነሣ ሽማግሌ ችሎታል።

ሥራው እንዳለቀ አቡ ሩሚ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ፤ ተመልሶ ካይሮ ሲገባ ወረርሽኝ ገደለው። ይህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1819 አካባቢ ነው። ከጻፈው አንዲቱን ገጽ እንኳ በማተሚያ ታትማ አላያትም። በ1820 ዊልያም ጆዌት የተባለ እንግሊዛዊ የእጅ ጽሑፉን ለመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። በ1830 ሳሙኤል ጎባት ጎንደር ሲገባ ይዞት የመጣው ወንጌል የዚሁ ሰው እጅ ሥራ ነበር። በግዕዝ የማይሰማው ገበሬ፣ ነጋዴ፣ እናት፣ በሚያወራበት ቋንቋ ቃሉን ሰማ። ማክሰኞና ቅዳሜ በካይሮ በሩን የዘጋው ሰው ግን መቃብሩ የት እንደሆነ እንኳ እኛ አናውቅም።

ወደ ሠፈራችን እንመለስ። ዳንግላ ውስጥ በንጉሡ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር፤ ትልልቆቹ ከአባቶቻቸው ሰምታችሁ ይሆናል። ቆንስሉ ሮበርት ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 እዚያ ተቀመጠ። በበቅሎም በእግርም እየዞረ ጣናንና ዓባይን ለካ፤ ያየውን ዛፍ፣ ወፍ፣ ገበያ፣ መንገድ ሁሉ መዘገበ። በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ለንደን ላይ መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ የዚያን ዘመን ዳንግላ ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ የሚሄደው ወደ እሱ መጽሐፍ ነው። ሰውየውን አልነቅፍም፤ ጎበዝ ጸሐፊ ነው። ግን በዚያው ዘመን በዳንግላ ገበያ ማርና ቅቤ፣ ጨውና ከብት የሚነግዱ የእኛ ሰዎች አልነበሩም? ዳኝነት የሚቀመጡ የአዊ ሽማግሌዎች አልነበሩም? ነበሩ። ያወቁትን ግን ይዘውት ወደ መቃብር ወረዱ። አገሩን እነሱ ኖሩበት፣ እንግዳው ጻፈው።

«ነጋዴ ምን ይጽፋል? ነጋዴ ይቆጥራል እንጂ» የሚለኝ አይጠፋም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ላስታውሳችሁ። ድሬዳዋ ላይ በነጋድራስነት የሠራ፣ ቀረጥና ንግድ በቅርብ ያየ ሰው ነው። ያየውን ዝም ብሎ አልተሸከመውም። ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ እየደኸየ እንደሚሄድ፣ የቀረጡ መዝረክረክም ንግዱን እንዴት እንደሚያንቀው ጻፈ። በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ ሞተ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሚለው መጽሐፉ የታተመው በ1916 ነው፤ ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ። እስከ ዛሬ የኢኮኖሚ ምሁራን ያነቡታል። አንድ የጉምሩክ ሹም ከሥራው መካከል የጻፈው ነው እንግዲህ።

በእኛም አገር የሚጻፍ ሞልቷል። ፋግታ ለኮማን ተመልከቱ። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዛፍ ከጤፍ ጋር ይተክላል፣ ዛፉ ከፍ ሲል በሥሩ ሣር ያጭዳል፣ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ መሬቱን መልሶ ያርሳል። ከሰሉ በአይሱዙ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። ይህን ዘዴ ለማየት ተመራማሪዎች ከሩቅ እየመጡ ብዙ ጽፈዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዛፉ ላይ በሽታ ገብቶ የስንቱን ቤት አናጋ። መጀመሪያ የታየው የማን ማሳ ላይ ነው? ዘሩ ከየት የመጣ ነበር? የትኛው ችግኝ ተረፈ? የችግኝ ነጋዴውና የማኅበሩ ሊቀ መንበር ይህን በየሳምንቱ በግማሽ ገጽ ቢጽፉት ኖሮ፣ ዛሬ ለጎረቤት ቀበሌ መድኃኒት ይሆን ነበር። አሁን ግን ሁሉም የሚያወራው «ይመስለኛል» እያለ ነው።

ለቤተ ክርስቲያን መሪዎች ደግሞ ሌላ ነገር አለኝ፤ ይህ ትንሽ ያማል። በአንድ ከተማ፣ ስሙን አልጠራም፣ ምእመናን ለሕንፃ ገንዘብ አዋጡ። መሪዎቹ ሌቦች አልነበሩም፤ እኔ ራሴ መዝገቡን አይቻለሁ። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ለሕዝቡ አንድ መስመር አልጻፉም። ሲሚንቶ ተወዷል፣ አናጢው ታሟል፣ ፈቃዱ ዘግይቷል የሚል ወረቀት በር ላይ አልለጠፉም። መሪ ዝም ሲል ወሬ ይጽፍለታል። ወሬው ደግሞ ደከመኝ አይልም፣ በየሳምንቱ ነው የሚወጣው። በመጨረሻ ኅብረቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ወንድማማቾች በሠርግና በለቅሶ እንኳ መገናኘት ተዉ። ገንዘቡ አልጎደለም፤ የጎደለው ደብዳቤ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ የጻፈው ለምን ይመስላችኋል? ሄዶ ማስረዳት ስለማይችል ነው። ከሞት ጋር ፊት ለፊት ሆኖ እንኳ ለጢሞቴዎስ ሲልክለት፣ በጢሮአዳ የተወውን ካባ አምጣልኝ፣ መጻሕፍቱንም፣ በተለይ ብራናዎቹን፣ ብሎ ነው። ይበርደዋል፤ ብራናውንም አልረሳም!

የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም እንደዚሁ ናቸው። በ1964 ዓ.ም. በእርሳቸው መሪነት ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ ረጂዎቿ ደብዳቤ ጻፈች፤ የሰውን ሥጋና ነፍስ ለያይታችሁ አትርዱ፣ ወንጌልና ልማት አንድ ላይ ይሂዱ የሚል ነበር። በሐምሌ 1971 ደርግ አፍኖ ወስዶ ገደላቸው። አስከሬናቸው የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ በ1984 ነው። ያ ደብዳቤ ግን በዚያ ሁሉ ዓመት መካከል በየአገሩ ይነበብ ነበር፤ ዛሬም በነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ይነበባል።

«ጊዜ የለኝም» ለሚለኝ፣ ማክሰኞና ቅዳሜን ነግሬዋለሁ። ሁለቱ ከበዛ አንዱን ይያዝ። «እጄ አይጽፍም» ለሚለኝ፣ የኤርምያስም እጅ አልጻፈም፤ ኤርምያስ ተናገረ፣ ባሮክ ጻፈ። ንጉሡ ጥቅልሉን ቀዶ እሳት ውስጥ ሲጨምረው፣ እንደገና ተቀምጠው ጻፉት፤ ብዙም ጨመሩበት። እናንተም ቤት ዐሥረኛ ክፍል የደረሰ ልጅ አይጠፋም። ስልካችሁ ላይ ተናገሩና እሱ ይገልብጠው። በአማርኛ ካልሞላላችሁ በአዊኛ ይሁን፤ ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚማሩበት ቋንቋ ነው፣ የሚያነቡት ግን እጅግ ጥቂት ነው። ኔትወርክ ጠፋ አትበሉኝ፤ ደብተር ኔትወርክ አይፈልግም። «ትምክህት ይመስልብኛል» የሚሉትን ግን አከብራለሁ፤ ይህ እውነተኛ ፍርሃት ነው። እነሱ ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለ ከሰሩበት ዓመት፣ ስለ ተሳሳቱበት ውሳኔ ይጀምሩ። ያን የጻፈ ሰው ሲመካ አላየሁም።

ይህን ሁሉ የምለው ከደረሰብኝ የተነሣ ነው። በደርግ ዘመን በእኛ አካባቢ አማኞች በድብቅ ሲሰበሰቡ የመሩ አንድ አባት ነበሩ። ባገኘኋቸው ቁጥር «ይጻፉት እንጂ አባባ» እላቸዋለሁ፤ «እሺ ልጄ፣ ከመኸር በኋላ» ይሉኛል። ስንት መኸር አለፈ። ከቀብራቸው በኋላ ሴት ልጃቸው አንድ አሮጌ የደረሰኝ ጥራዝ አመጣችልኝ፤ እህል ይነግዱ ስለ ነበር የእሱ ነው። ከአንደኛው ደረሰኝ ጀርባ በእርሳስ ተጽፏል፤ ኅዳር፣ ዓርብ ማታ፣ ሰባት ሰው፣ በወይዘሮዋ ቤት፣ በር ተዘግቶ።

የትኛዋ ወይዘሮ? ልጃቸውን ጠየቅኳት፤ አታውቅም። የቀሩትን ሁለት ሽማግሌዎች ጠየቅኩ፤ አንዱ አንዲት ስም አለ፣ ሌላው ሌላ። ጥራዙን እስከ መጨረሻው ገለጥኩት፤ የቀሩት ገጾች ጀርባቸው ባዶ ነው።